ቀብድ

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከስልክ ጠጋኙ ጎን፣
አንዷ «ቡክራ» ብላ ወሰደች ቀሚሷን፤
አንዷ ጉንጬን ስማ፣ አንዷ በ«ኢንሻላህ»፣
ሌላዋ መረቀች፦ «ይክፈልሽ» አለች፣ «አላህ»።
የጦይባ ሠርግ አለፈ፤ ሆዷም ገፋ፣ ገፋ፤
ቀሚሱ ጠበባት፤ ዕዳዋ ግን ሰፋ።

አሁን ደብተር ገዛሁ፤ ባለ መስመር፣ ወፍራም፦
«ግማሽ ቀብድ ሳይያዝ መቀስ ጨርቅ አይነካም።
ቀሪው ሲረከቡ። እማኝ፦ ከማል፣ የስልኩ።
ፊርማ። ካልተማሩ፣ አውራ ጣት በልኩ።»

ለዒድ መጣች ጦይባ። ደብተሩን ብሰጣት፣
«ዘምዘም፣ እኔንም በውል?» አለችኝ፤ ሳቅ መጣት።

አንድ አልጋ በፈረቃ ተኝተናል፣ እህቴ፤
ያላመንሁት ቡክራን ነው፤ እሱ ነው ጠላቴ።
ደግሞ ወረቀት ሰው ሲይዝ እኔ ነኝ የማውቀው፤
ስመጣ የፈረምሁት ዐረብኛ ነው ቋንቋው፤
ሳላነብ ፈርሜ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰው ቤት አልወጣሁ።
ይኼን በአማርኛ በገዛ እጄ ጻፍሁ።
ቀስ ብለሽ አንብቢው። እስክሪብቶው ያውልሽ።

አነበበች። ቆየች።
«የድሮው የለበትም?» አለች።