የጥላ ቆጠራ

ሻርጃ መሀል፣ ሮላ በሚባለው ሰፈር፣
አንድ ዋርካ ነበር አሉ፣ ሽማግሌ ሲናገር፤
ግመል የሚታሰርበት፣ ነጋዴ የሚያርፍበት፣
በዒድ ቀን ገመድ ታስሮ ልጅ የሚወዛወዝበት።
ዛፉ ወደቀ፣ ስሙ ቀረ፤
አደባባዩ በስሙ ሲጠራ ጥላው አብሮ ተቀበረ።

እኔ ሉባባ ነኝ፤ ከሚሴ፣ ቆላው ያሳደገኝ፣
ሙቀትማ አዲስ አይደለም፣ ብርድ ነው የሚያስደነግጠኝ።
እዚህ ግን ሌላ ነው። አስፋልቱ እንደ በሬ
ቀን የዋጠውን እሳት ሌሊት ያመሰኳል፤
በየመስኮቱ ያለው ኤሲ ቤቱን ሊያበርድ ሲታትር
ትኩሳቱን አውጥቶ መንገደኛ ላይ ይተፋል።
የአንዱ ቤት ብርድ ልብስ ለሌላው ላብ ነው፤
ዕዳውን የሚከፍል በእግሩ የሚሄደው።

ባለፈው ሰኔ ከማዘጋጃ ቤት አንዲት ልጅ መጣች፣
ሙቀት መለኪያ እንደ ችቦ ቀጥ አድርጋ የያዘች።
ስሟ ሸማ ነው። ሳቄን ዋጥኩት።
ሸማ፣ ጥቁር የለበሰች!
«በዚህ መንገድ በእግሩ ማን ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች።
እመቤቴ በሩን ተደግፋ፣ «ማንም» አለች፣
«ሁሉም በመኪና ነው።»

እኔ የቆሻሻ ከረጢቱን ይዤ ከኋላዋ ነበርኩ፤
በተሰባበረ ዐረብኛ፣ «ማንም ማለት እኛ ነን» አልኩ።
ሞቲዑር፣ ጋዙን በብስክሌት የሚያመላልሰው፤
ጉልዛር ዳቦ ጋጋሪው፣ ከእሳት ወጥቶ እሳት የሚቀበለው፤
ማሪቤል፣ የሌሊት ተረኛ ነርስ፣
ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ሲለጠፍ እየተሳደበች ቤቷ የምትደርስ።

በታብሌቷ ካርታ ላይ ሁሉም አለ፣ ጥላ ግን የለም፤
ከሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ሳልኩላት፣ በልጆቹ ቀለም።
ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚናራው ጥላ ዳቦ ቤት ይደርሳል፤
አራት ሰዓት ላይ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ያንሳል፤
ስድስት ሰዓት ላይ፣
እንኳን የግንብ፣ የሰው ጥላ ከገዛ እግሩ ሥር ይሸሸጋል።
ስድስት ተኩል ሲሆን ግንበኛው ከመወጣጫው ይወርዳል፤
እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያርፍ ሕጉ አዟል።
ካርቶን አንጥፎ ከጭነት መኪና ሆድ ሥር ይጋደማል።
ሕጉ ዕረፍት ሰጠው፤
ጥላ አልሰጠውም።

«ውሃስ?» አለችኝ።
በዚያ ሚያዝያ ሰማዩ ሲቀደድ የደረሰበትን አሳየኋት፣
አሳንሰሩ በር ላይ የቀረውን ቡናማ የጭቃ ቀበቶ።
ጉልዛር ዳቦውን በፍራሽ አንሳፎ አምስት ሕንፃ አበላ።
አሸዋ ቢሆን ይጠጣው ነበር፤
አስፋልት ግን ጉሮሮ የለውም።

መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ ጨመርኩ፣ በአረንጓዴ፦
ከሕንፃው ጀርባ፣ የኤሲው ውሃ ጠብ በሚልበት፣
ማንም ያልተከለው ቁርቁራ በቅሏል፣ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት።
ቁርቁራ! ቦርከና ዳር እሾሁን ከእግሬ የነቀልኩት፣
ፍሬውን ከወፍ ተሻምቼ የበላሁት።
እነሱ ሲድር ይሉታል። ዛፉ በሁለቱም ስም ይሰማል።
«ይሄ ገና ጥላ አይደለም» አልኳት፣ «ለአንድ ድመት ግን ይበቃል።»

በአራተኛው ወር አግዳሚ ወንበር መጣ፤
ከብረት የተሠራ፣ ፀሐዩ መሀል የተተከለ።
ሞቲዑር አንዴ ሞክሮ
ሱሪውን ይዞ ብድግ አለ።

ቁርቁራው ግን ዙሪያው በድንጋይ ተከበበ፤
ግንዱ ላይ ቁጥር ተለጠፈለት፣
ከእኔ መታወቂያ ያጠረ ቁጥር፣
ቀኑ የማያልፍበት።

ዘንድሮ ሁለት ድመት ያስጠልላል።
ሰውም፣ ጎንበስ ካለ፣ ይገባል።
ገብቼ አይቼዋለሁ።