የላንቃ እራፊ

ከፊት ካሉት ጥርሶች አንዱ ረዘመብኝ፤
"በሃምሳ ሁለትህ ታበቅላለህ?" ብላ አስካለ ሳቀችብኝ።
እኔም አብሬ ሳቅሁ፤
ሳቄን ግን በመዳፍ ቶሎ ብዬ ከደንሁ፤
የጓሳ ነፋስ ነው፣ በከንፈሬ ገብቶ
ሥሩን የሚወጋኝ፣ ቦታውን ለይቶ።

ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣ መሐል ሜዳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር በጥርሴ ስበጥስ፣
መቀስ ከጉልበቴ ላይ እያለ፣
(ስንፍናም በሉት፣ ልማድም በሉት)
በዚያው በአንዱ ጥርስ፣ በዚያው በአንዱ በኩል።

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፤
ዶክተር ወለላ፣ ልጅ እግር፣ አጎንብሳ አየችኝ።
"ጥርሱ አልረዘመም" አለች፤ "ድዱ ነው የሸሸው፤
ሥሩ ራቁቱን ነው፣ ይኸው ብርድ ያገኘው።
እራፊ እንጥፍበታለን።"
"ከየት መጥቶ?" አልኳት። "ክንዱስ በስንት ብር?"
በጓንቷ ጣት ላንቃዬን ነካ አደረገች፤
"ከዚህ፤ ከራስዎ ጣራ።"

ዝም አልሁ።
ይህንን አውቀዋለሁ።
የድሃ ሱሪ ጉልበቱ ሲሳሳ
ጨርቅ ፍለጋ ገበያ አልወጣም፤
ከእጥፋቱ፣ ፀሐይ ካልበላው፣ ዓይን ከማያየው
ትንሽ ቆርጬ፣
ቀለም ከቀለም አዛምጄ እደርባለሁ።

መርፌው አደነዘዘኝ፤ አፌ የሌላ ሰው መሰለኝ።
ዓይኔን ግን አልጨፈንሁም፤
በመብራቷ ብረት ላይ እጆቿን አየሁ፤
ክሯ ከጠጉር የቀጠነ፣
መርፌዋ ቆልማማ፣ የሁለት ቀን ጨረቃ።
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ላይ
ሳብ አድርጋ አጠበቀችው።
"ላላ አርጊው፣ ይሸበሸባል!" ልላት ነበር፤
ምን ዋጋ አለው፣ የሙያተኛ ምክር
ከጥጡና ከቱቦው ጋር ጉሮሮዬ ቀረ።
ራሷ አየችው። ፈታች። ደግማ ሰፋች።
ያኔ አመንኋት።
ሲያልቅም ክሯን ቆረጠች፤
በመቀስ።

ሁለት ሳምንት ለብ ያለ ሾርባ፣ ሁለት ሳምንት በእጅ ንግግር።
"የትኛው ነው የሚያምህ?" አለች አስካለ፣
"የተጣፈው ወይስ የተቆረጠው?"
ጣቴን ወደ ላይ፣ ወደ ላንቃዬ ቀሰርሁ፤
የሰጠው ነው የሚብሰው።

አሁን ድኗል። ከጎረቤቱ ፈዘዝ ያለ ቀይ፤
እኔ አየዋለሁ፣ ገበያተኛ አያይም።
መቀሴን በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።
አንዳንዴ ግን ኮት ስጨርስ፣
ክሩ በልማዱ ወደ አፌ ሲሄድ፣
ምላሴ ትቀድመዋለች፤
ሄዳ ያቺን ጎድጎድ ያለች ሥፍራ ትዳስሳለች።