ሦስት ከአሥር

ጌሪ ነው፣ ኢንዲያና። ከሐይቁ የመጣ ንፋስ በበር ሥር ይገባል፤
ሥራ ሲቀዘቅዝ ጎሚስታ ቤት ያለ ሰው ሙግት ይሞቃል።
ከግድግዳችን ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤
ከላይ፦ «ያገለገለ ጎማ፣ ሠላሳ ዶላር» ይላል፤
ከሥሩ በጠመኔ፣ በአራት ሰው እጅ ጽሑፍ፣
የሞርታር አሥራ አንድ አልበም፣ ማርኩ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲሰረዝ ሲጻፍ፤
ማታ የጸደቀው ጠዋት ይሻራል፤
ጎማ የሚያስለጥፍ መንገደኛም ቢሆን ድምፅ ይሰጥበታል።

ሮስኮ ለመጀመሪያው አሥር ነው የሚሰጠው፤
ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ነጥብ አልቀነሰው።
«ከበሮው ድስት ነው እኮ!» ይለዋል ኦዝቦርን፤
ሮስኮ አይሰማውም።
አልበሙ ሲወጣ ገና ሃያ ዓመቱ፣
ጥርሱ ሙሉ ነበር፣ ደህና ነበር ጉልበቱ፤
ዛሬ ከመኪና ሥር እያቃሰተ ሲወጣ ሳየው
ማርኩን የሚሰጠው ለማን እንደሆነ እኔ አላጣሁትም።

ሁለተኛው አልበም ወርቅ ነው ያስገኘው፤
ወርቁ የኩባንያው፣ ሰሙ ነው የሱ ድርሻው።
በዚያው ክረምት አሉ፣ ባልተከፈለ ሒሳብ፣
የእናቱ ቤት መብራት ተቆረጠ።
ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል የሚሉት ለካ ይህን ኖሯል።

አራተኛው፦ ስድስት። አምስተኛው፦ አራት። የፍቺው አልበም ነው፣
ከራፕ ይልቅ የጠበቃ ደብዳቤ የሚመስለው።
ለስድስተኛው የተከራከረ ሰው ሰምቼ አላውቅም፤
ሞርታር ራሱ እንኳ መድረክ ላይ አያነሣውም።

ስምንተኛውን የገዛው ሰው አንድ አውቶቡስ አይሞላም ይባላል።
ሒሳብ ያዣችን ዴልፊን ግን፣ ከደረሰኙ ቀና ሳትል፣ «አሥር» ትላለች፤
ምክንያት አትናገር።
አንድ ስንኝ አለ እዚያ ውስጥ፣ ከአራተኛው ዘፈን፦
አንዲት እናት የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ ረስታ
የገዛ ጣቷን እንደ እንግዳ የምታይበት።
የዴልፊን እናት ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው።
እኛም አንጠይቅ።

እኔ? እኔ ለሰባተኛው ሦስት ነው የሰጠሁት፤
ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት፣ ዓመት በዓመት የደጋገምኩት።
«ሰነፍ አልበም ነው» እላለሁ፣ «ቤት አይመታ፣ ያነክሳል።»
የብረት ፋብሪካው ሲያሰናብተን፣ በዚያ ሌሊት፣
የመኪናዬን መስኮት ዘግቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣
ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ጊዜ እንደሰማሁት፣
መሪውን ታቅፌ የሆንኩትንም፣
ለሮስኮ ምን ብዬ ልንገረው?

ባለፈው ዓርብ አሥራ ሁለተኛው ወጣ። ሞርታር ሃምሳ ስድስት ሞልቶታል።
ኮምፕሬሰሩን አጠፋነው።
ድምፁ ዝጓል፤ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን
አሁን መሀል ላይ ቆሞ አየር ይስባል፤
መሳቡ ይሰማል፣ ቆርጠው አልጣሉትም፤
ደረጃ ወጥቶ በር ላይ የደረሰ ሰው
ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ፣ አስቀድሞ ትንፋሹን እንደሚሰበስብ።
ከበሮ የሚሰድበው ኦዝቦርን እንኳ ዝም አለ።

ሲያልቅ ሮስኮ ጠመኔ አነሣ። «አሥራ ሁለተኛ» ብሎ ጻፈ፤
ሁለት ነጥብ አስቀመጠ፤
ቆየ።
ውጭ አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ።
«ጎማ ተንፍሶበት ነው» ብሎ ወጣ፣ ጠመኔውን እንደያዘ።

ማታ ስንዘጋ የመጨረሻው ሰው እኔ ነበርኩ።
የሰባተኛውን ሦስት በእጅጌዬ አበስኩት፤
ምትኩን አልጻፍኩም፤ ስንት እንደሆነ አላውቀውማ።

ጠዋት ስመጣ ሦስቱ ቦታው ላይ ተመልሷል፣
በዴልፊን ንጹሕ ቁጥር፤
ሒሳብ ያዥ አይደለች፣ የጎደለ አይታ አታልፍም።
«ያንተን ማርክ አንዱ አጥፍቶብህ ነበር» አለችኝ።
አመሰገንኳት።