ትርጉም

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ቂርያት ጋት፣ አራተኛ ፎቅ፣
የማኅበራዊ ጉዳይዋ ሴት በዕብራይስጥ ስትጠይቅ፣
እናቴ እኔን ስታይ፣ እኔ ወለሉን ሳይ፣
አንተ ባንድ እግር ጫማ ተጋድመህ ምንጣፍ ላይ፤
«ሰክሯል» የሚለውን ቃል ከነሽታው ውጬ
«አሞታል» አልኳት፣ ነገሩን ለውጬ።

ዛሬ ዓፉላ ነኝ።
በር ላይ ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ ትንፋሼን እይዛለሁ፣
ቀዳዳውን ስንቴ እንደሳተ እቆጥራለሁ።
ባሌ ነው፤ ወተት ይዞ። ትከሻዬ ግን አያምንም።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ትደውላለህ፤ አላነሳም፣
ግን ከስልኬ አልሰረዝኩም «አባ» የሚለውን ስም።

የሚገርመው፣
ሠላሳ ዓመት ውሸት ብዬ የተሸከምኩት ትርጉም
ለካስ ልክ ነበር፤
አሞሃል።
እኔንም።