አሥራ አንደኛው ድምፅ

ማክሰኞ ሌት ነበር አባቴ የወደቀው፤
ዓርብ ረፋድ እኔ፣ ሰው ሁሉ እያወቀው።
በአንድ ሳምንት ሁለት፣ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው፤
ማን ነው የሚያጽናና፣ ማን ነው የሚያለቅሰው?

ለአፉላ ምክር ቤት ነው የተወዳደረ፤
ጀንበሬ፣ ሃያ ዓመት አውቶብስ ያሽከረከረ፣
የሰው ወንበር ጭኖ ሲመላለስ የኖረ፣
አንዷን ለራሱ ቢመኝ ምን ነበረ?

ደረጃ ለደረጃ፣ ፎቅ ለፎቅ ሲለፋ
ጉሮሮው ተዘጋ፣ ድምፁ ከአፉ ጠፋ፤
በቆጠራው ሌሊት ከሳጥኑም ጠፋ።
አሥራ አንድ ድምፅ ብቻ።
አሥራ አንድ ማለት፣ እኔ እንደምቆጥረው፣
ከበረኛ እስከ አጥቂ የቆመ ቡድን ነው።
ለመምረጥ ሦስት ወር ጎደለኝ ከዕድሜዬ፤
አንዷ እኔ ነበርሁ፣ ቢደርስልኝ ጊዜዬ።
ያሸነፈው ደውሎ "ደህና ታገልህ" አለው፤
አባቴ "ቶዳ" ሲል ትንፋሹን ነው የሰማነው።

ዓርብ፣ ሜዳው ዳር ሁሉ የሱፍ ፍሬ ቅርፊት፤
የቤት ሼአን ልጆች ቆመዋል ከእኛ ፊት።
ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ
ዳኛዋ ፊሽካ ነፍታ ነጩን ነጥብ ጠቆመች፤
ሰው ሁሉ ሲነሣ ኳሷ ተቀመጠች።
እኔ ወደ ቀኝ ዘለልሁ፣ እሷ ሄደች ግራ፤
ያቀፍሁት አፈር ነው፣ ከጠጠሩ ጋራ።
ማንም አልሰደበኝ፤ እሱ ነው የባሰ፤
አንድ እጅ ትከሻዬን እንደ በሽተኛ ዳሰሰ።
ቀና ስል፣ ከጎሉ ጀርባ ጊልቦዓ ተኝቷል፤
ንጉሥ ወድቆበታል፤
ዛሬ ሰው ቅዳሜና እሑድ ሳይል ሥጋ ይጠብስበታል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቅጣት እንዳይጥል
እሑድ ወጣን፣ ፖስተር ከግድግዳ ልንነጥል።
"ሙጫውን አወፍሩት" ያለ እሱ ነበረ፤
ከዘመድ ሁሉ ይልቅ ሙጫው ቃል አከበረ።
ግንባሩ ተላጠ፣ ጢሙ ተቦጨቀ፤
ዓይኖቹ ግን ቀሩ፤
የገዛ ዓይኑን ነው በቢላ የፋቀ።

እየፋቀ ይቆጥራል፤
አንድ፣ ዘለቀን፣ "ወገቤን" ያለውን፤
ሁለትና ሦስት፣ የይርጋን መንትዮች፣ ባሕር የዋሉትን፤
አራት፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ለሌላ የሰጠውን፤
እንዲህ እንዲህ እያለ አሥር ሰው ሞላለት።
አሥራ አንደኛው ጠፋበት።
ጧት ጧት በመስታወቱ ተሳፋሪ ያያል፤
"ሻሎም ጀንበሬ" ያለውን "አንተ ትሆን?" ይላል፣
በሆዱ።

እኔ አውቃለሁ።
ቆጠራው ሳያልቅ ነው፣ ወጥ ቤት፣ በሩ ገርበብ ብሎ፤
የእናቴ የእንጉዳይ እጅ እጄ ላይ ውሎ፦
"ሁለት ፖስታ ነበር። ፊደሉን መጠየቅ አፈርሁ፤
የእሱን ነጭ ወረቀት ቢጫው ውስጥ ከተትሁ።
እንዳትነግሪው ልጄ።"
ከዚያ ከተረፈው የምርጫ ወረቀት
አጥፋ አጥፋ፣ የጠረጴዛው እግር እንዳይነቃነቅ ወሸቀችበት።
እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው ነው፣ የአባቴ ስም፤
እራት ስንበላበት ጠረጴዛው አይናጋም።

ይገባኛል፤ የእሷ ብትጨመር ጉድለቱ አሥር ነበር፤
ግን እሱ አይደለም ለቁጥር የሚቆጥር።

"አሥራ አንደኛው ማን ነው?" አለኝ ከላይ ሆኖ፣
የራሱን ጆሮ ከግድግዳው ላጥ አድርጎ።
ሙጫው እንዳይዘኝ የበረኛ ጓንቴን ለብሻለሁ።
ይህችኛዋ ግራም ቀኝም አላለች፤
ቀጥ ብላ ወደ ደረቴ መጣች።
"እኔ እንጃ፣ አባዬ" አልሁ፤
ጓንቴን አጥብቄ
መሰላሉን ያዝሁ።