የማክሰኞ ጀልባ

ሃያ ሁለት ዓመት ሐይቁ ዳር ስንኖር፣
ሰው ከሸገር መጥቶ ጀልባ ላይ ሲሰፍር፣
እኔ ከሱቄ ደጅ ሲንጀሬን ስዘውር፣
ላሚሶ በባጃጅ እንግዳ ሲያሻግር፣
አንድ ቀን አላልንም «እስቲ እኛስ ብንሞክር»።

ዘንድሮ ግን ድንገት እቁብ ወጣኝና
«እንሳፈር» አልኩት፣ «ሳለን በጤና።»
ሳቀብኝ ላሚሶ። «ጉማሬ ለማየት ብር ይከፈላል ወይ?
በጓሯችን በኩል ማታ ማታ ወጥቶ ሣር ሲግጥ አናይ?»
ኋላ ግን እሺ አለ፤
የእሱ እሺ ደግሞ ዝም ብሎ እሺ አይደለ፣
ብሩን ሁለት ጊዜ፣ ሰውን ሦስት ጊዜ እየመዘነ ነው።
እሑድ ከሰዓት ሄደን ፍቅር ሐይቅ ዳርቻ ዋጋ ጠየቅነው።

«ሁለት ሺህ» አለ አንዱ፣ መነጽር የሰካ፣
ጀልባው ቀለም በቀለም፣ ሞተሩ ሲያስካካ።
«በሰው ነው በጀልባ?»
«በሰው ነው አባቴ።»
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»
«ደርሶ መልስ ነዋ!»
«ደርሶ መልስ ከየት?»
«ከዚህ እስከዚያ ነው» አለና ጣቱን
ወደ ሰማዩ ጥግ ዝም ብሎ ዘረጋ።
«መንሳፈፊያው ጃኬት?»
«እሱ ለብቻ ነው።»
«ጉማሬው ባይወጣ ብሩ ይመለሳል?»
«ጉማሬን ማን ያዛል!»

ጀርባ ሰጥተን ሄድን። የገበያ ጥበብ ግማሹ ጀርባ ነው፣
ሌላው ግማሽ ጆሮ፣
እስኪጠሩህ ድረስ ዞረህ አለማየት።
ማንም ግን አልጠራን።
ሙሽሮች ከነሚዜያቸው ዋጋም ሳይጠይቁ
ከኋላችን ገቡ፣ እየተሳሳቁ።

አሞራ ገደል ላይ መረቡን ሲጠግን አገኘነው ዱካሞን።
«የእሑድ ዋጋ» አለ፣ ክሩን በጥርሱ ይዞ፣ «የሙሽራ ዋጋ ነው።
ሐይቁም ከሰዓት በኋላ እንደ አማች ይቆጣል።
ማክሰኞ ኑ፣ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳበት፣
ያኔ ዘይት ነው፣ ዘይት።
በጀልባ ተዋዋሉ፣ በራስ አትቆጠሩ፣
በራስ መቆጠር ለከብት ነው፤
ነዳጁስ የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፣
እግራችሁ መሬት ላይ ሳለ።»

ማክሰኞ። አሥራ ሁለት ተኩል።
አባ ኮዳዎቹ ትከሻቸውን ሰብቀው ቆመዋል፣
በደመወዝ ቀን ባንክ ደጅ እንደሚጠብቁ ጡረተኞች።
«ስምንት መቶ» አለ ዱካሞ። ስድስት መቶ አልነው።
ሰባት ላይ ተገናኘን።
ላሚሶ ግን ገና ነው፤
«መቶዋን ለዓሣ ቁርስ ተውልን እንጂ» አለው።
እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።
ዱካሞ ጢሙን አከከ፣ አሰበ፣ አሰበና፣
«ይሁን» አለ፣ «ግቡ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እርጥብ ነው።»

ሄድን። ውኃው ለሁለት ተቀደደ፣
ልክ በመቀሴ እንደምከፍተው ሐር።
ከተማው አነሰ፤ ታቦርም ታጠፈ፣
ጣሪያዬን ፈለግሁት፣ ከቆርቆሮው ሁሉ ዝገቱን ለየሁት፣
«ያውና ቤታችን!» ብዬ ሳልጨርሰው
ሞተሩ ቀጥ አለ።

«ተበላሸ?» አለ ላሚሶ፣ ብድግ ብሎ።
ጀልባው ተናወጠ።
«ተቀመጥ ወንድሜ። ደህና ነው ሞተሩ።
ያስቀነስከው መቶ ብር ቤንዚን ነበረ።
ከዚህ እስከ ዳር ድረስ በመቅዘፊያ ነው።»

ላሚሶ ሊቆጣ አፉን ከፈተና
እንደከፈተው ቀረ።

ድምፅ የለም።
ባጃጅ የለም፣ ሲንጀር የለም፣ ወያላ የለም።
አንድ ወፍ ከሩቅ ውኃውን በክንፏ ነካችው፣
ሰማናት።
ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኑ ተኝቼ፣
ባሌ ሲተነፍስ የዛሬን ሰማሁት፤
ቀኝ አፍንጫው በኩል ትንሽ ፉጨት አለው።

ጉማሬ አልወጣም። ማንም አልጠየቀም።
ተራ ገብቶ ቀዘፈ ላሚሶ፣ ሸሚዙን አውልቆ፣
አንድ ሰዓት የከፈልንበት ሁለት ተኩል ሆነ፣
ትከሻው ቀላ፣ እጁ ተላጠ፣ አንድም ቃል አልወጣው።

ዳር ስንደርስ ብሩን ቆጠረ፣ ስድስት መቶ፣
ደግሞ ቆጠረ፣
ጫማውን በእጁ ይዞ ከውኃው ወጣና
ዞር አለ ወደ ዱካሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ለሚመጣው ማክሰኞ…
ሞተሩን ጭራሽ ባታስነሳውስ፣ ስንት ትለናለህ?»