ስንት ኩባያ

ጥያቄ አሥራ አራት፣ ገጽ ሦስት፣ ከታች በኩል፦
«የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ በቀን ስንት ኩባያ
ወተት ጠጥተዋል?»
ሚንዚፋ ሳቁብኝ። የቀሩት ሁለት ጥርስ፣ ሁለቱም ይታያል።

«ኩባያ ማን አይቶ! ጣሳ ነበር፣ ልጄ፣
ለሰባት አፍ አንድ፣ እጀታ እንኳ የለው፤
ወንድሜ ፋኒስ ሲጨልጥ ቂጡን እያየሁ ስቆም፣
ከተረፈ የኔ።
ካልተረፈም ጥም የለም፤
ወንዙ እደጅ ነው፣ ወንዝ መቼም አያልቅም።»

«የጣሳው ስፋትስ?» አልኩ፣ እርሳሴን ቀርጬ።
ሁለት መዳፋቸውን አቆሙ፣ በመካከል አየር፤
እኔም ከቦርሳዬ ማስመሪያ አውጥቼ
አየሩን ለካሁት፦ አሥራ አንድ ሴንቲሜትር።
ለካ ባዶም ይለካል።
ለካ ሰባ ዓመት የጠፋ ጣሳ
በሁለት መዳፍ መሀል እስካሁን ይቀመጣል።

ወንዙን ስመጣ አይቼዋለሁ፦ ቀጭን ነው፣ ዝም ያለ፣
ከኡራል ተራራ ግርጌ በባሽኪሮች መንደር የዋለ፣
ጠጠሩ የሚቆጠር።
«መርዝ ቢሆን» አሉኝ፣ «ይሸት ነበር፣ ይመር ነበር፣
ከብቱ ያፈገፍግ ነበር።
ይሄ ግን ጥርት ያለ! በበረዶው ወራት
ዝይ ነጭተን ስናበቃ፣ እኛ ልጃገረዶች፣
በቀንበር አንጠልጥለን ወርደን እምናጥበው እዚያ፣
ላባውን በየመንገዱ እየበተንን፣ እየዘፈንን፣
የሚመጣው ዓመት ዝይ ይርባልን ብለን።

«አንድ ቀን ፈረሰኛ መጣ፣ ባለ ዩኒፎርም፤
‹የወንዝ ዘበኛ› አሉት። ወንዝ ደግሞ ማን ይሰርቃል!
‹አትቅረቡ› ይለናል። ‹ለምን?› ስንለው እሱም አያውቅም፤
ፈረሱን ግን ከዚያው ያጠጣል።»

እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ደመወዜም ለዚሁ ነው።
ከላይ፣ ከጥዱ ጫካ ጀርባ፣ ካርታ ያልጻፈው ከተማ
የጓዳውን እጣቢ ወደዚህ ነበር የሚደፋው።
ስትሮንቲየም ይባላል አንዱ፤ ኮቴው የማይሰማ፤
ካልሲየም ነኝ ብሎ ያንኳኳል፣ አጥንትም ያምነዋል፣
ይልቁንም የልጅ አጥንት፣ ለማደግ የቸኮለው፤
እንግዳው ይገባል፣
ዕድሜ ልክ ያድራል።

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ጣሳው ገባ፣ ወንዙም ገባ፣
ዝዩ፣ ሣሩ፣ የላሟ ግጦሽ፣
የአንዲት ሕፃን ክብደት፣ በግምት፤
አስቦ አስቦ አወጣ፦ ከሺህ ሰው ሦስት ሞት፣
ወይም አንድ፣ ወይም ዘጠኝ፣ እንደ ስሕተቱ ስፋት።
ነገርኳቸው። ሻርፓቸውን አጠበቁ።
«ፋኒስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ደሙ ውሃ ሆነ ተብሎ፣ ሞተ» አሉኝ፤
«እሱ ከሦስቱ ነው?
ወይስ ያለ ወንዙም ከሚሞቱት?»

ሦስቱን እናውቃለን፣ ስማቸውን አናውቅም፤
ቀመሩ የሚቆጥረው ሬሳ እንጂ ወንድም አይደለም፤
እንዲህ ልላቸው ነበር።
«አይታወቅም» ብቻ አልኩኝ።

ለናሙና ወተት ቀዱልኝ፣ ከላሟ፣ የዛሬ ጠዋት፤
ቀንና ቁጥር ለጠፍኩበት።
(የዛሬው ከልክ በታች ነው።
ልኩን ያወጣነው እኛው ነን።)
የተረፈውን ሻይ ላይ ገልብጠው ፊቴ አኖሩት፣ በእጃቸው ገፋ አርገው፤
የጠያቂው ኩባያ የሚሞላበት መስመር ቅጹ ላይ የለም፣ ፈለግሁት።
ጠጣሁ። ደገሙኝ። ግማሹን ጠጣሁ።
በመስኮቱ ዝዮቹ ተሰልፈው ወደ ወንዝ ሲወርዱ አየሁ።

ሚንዚፋ በጣታቸው ወረቀቴን መታ መታ አድርገው፣
«አንድ ተኩል» አሉኝ፤
«ጻፈው እንጂ፣ ልጄ፤ ይሄን እንኳ ታውቀዋለህ፣
ማስመሪያም አያሻህ።»